የሸማኔ ልጅ ድርሰት

በአማርኛችን ሁለት ፍች ይዘው የሚኖሩ ቃላት ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያስገርመኝ የኖረው «ጥበብ» የሚለው ቃል ነው። ሊቁ ጥበብ ሲል ዕውቀትንና ማስተዋልን ማለቱ ነው። ሸማኔው ጥበብ ሲል በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚጥለውን ሐረግ ማለቱ ነው። ቃሉ በሁለቱ ሰዎች አፍ እኩል ሲነገር ይኑር እንጂ፣ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡበት ጊዜ ጥቂት ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ አስተማሪና በትርፍ ጊዜዬ ደራሲ ነኝ። በሁለቱ መካከል የተወለድሁ ሰው ስለ ሆንሁ በዚህ ነገር ላይ የምናገረው ቢኖረኝ፣ አንባቢ ሆይ፣ አትፈርድብኝም ብዬ አስባለሁ።

አባቴ የዶርዜ ተወላጅ ነበር። ዶርዜ በጋሞ ደጋ ላይ፣ ከጨንቻ ከተማ አጠገብ፣ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ቁልቁል እየተመለከተ የተቀመጠ አገር ነው። በዚያ አገር ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቲቱ ትፈትላለች፤ ብዙዎቹም ለእንጀራቸው ሲሉ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ በሚባለው ሰፈር ሰፍረዋል። አባቴና እናቴም ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። ቤታችን አንዲት ክፍል ስትሆን ግማሿን የያዘው የሽመናው ዕቃ ነበር። ከግድግዳው ሥር መሬቱ ተቆፍሯል፤ አባቴ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ያወርድና በጣቶቹ መርገጫውን ይጫናል፤ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፤ መወርወሪያው በመካከሉ ያልፋል፤ ከዚያም ማጉን ወደ ራሱ እየመታ ያጠብቀዋል። ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ይህ ድምፅ ነበር። አንዳንድ ቀን ድንገት ሲቋረጥ፣ ክር መበጠሱን ዐይኔን ሳልገልጥ ዐውቀው ነበር።

እናቴ ከደጃፉ አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ጥጡን በመዳመጫ ከፍሬው ለይታ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ ካዘጋጀችው በኋላ፣ ወደ ማታ ገደማ መፍተል ስትጀምር ተረትም አብሮ ይጀመራል። ተረቱን የምትነግረን በአገሯ ቋንቋ በዶርዜኛ ነበር። እንዝርቱ ሲሽከረከር ነገሩ ይረዝማል፤ ክሩ ሲበጠስ ተረቱም ይቆማል። ጅቡ ከጎሬው ሊወጣ ሲል፣ ወይም የእንጀራ እናቲቱ በሩን ልትከፍት ስትል ክሩ የተበጠሰ እንደ ሆነ፣ እኛ ልጆቹ ትንፋሻችንን ይዘን እጇን እንመለከታለን። እርስዋ ግን አትቸኩልም። ሁለቱን ጫፎች በጣቶቿ መካከል አገናኝታ ጥቂት አሽታ ትቀጥላቸውና፣ ተረቱንም ካቆመችበት ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ብላ ትጀምረዋለች። ክር የሚቀጠለው እንዲሁ ነው፤ አዲሱ ጫፍ በአሮጌው ላይ ጥቂት ካልተደረበ አይይዝም። ዛሬ አንዱን ምዕራፍ ከሌላው ጋር ለማያያዝ ስቸገር የሚታወሰኝ የእናቴ ጣት ነው፤ በትምህርት ቤት ስለ ድርሰት የተማርኋቸው ሕጎች ከአእምሮዬ ከጠፉ ቈይተዋል። ማታ ከተኛሁ በኋላ የሰማሁትን ተረት በልቤ ወደ አማርኛ እመልሰው ነበር። ለምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር፤ የመጀመሪያው ድርሰቴ ግን ያለ ወረቀትና ያለ ብዕር የተሠራው በዚያ መኝታ ላይ ነው።

ወደ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ሌላ ነገር ተማርሁ። በሰፈራችን ጎረቤቱ ሁሉ ሸማኔ ስለ ነበረ ሸማኔነት ነውር መሆኑን የሚነግረኝ አልነበረም። በትምህርት ቤቱ ግን ከሌላ ሰፈር የመጡ ልጆች ነበሩ፤ እነርሱም ኳስ በተነጠቁ ጊዜ ፈጥኖ ወደ አፋቸው የሚመጣላቸው ስድብ የአባቴ ሥራ ስም ነበር። ልጅ ስድብን መመለስ ሲያቅተው ስድቡን ያመጣበትን ነገር ይደብቃል። እኔም ከትምህርት ቤቱ አጥር ስደርስ በጠጉሬ ላይ የቀረውን የጥጥ ብናኝ አራግፌ መግባት ልማዴ ሆነ።

በ1964 ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የአማርኛ መምህራችን «የአባቴ ሥራ» በሚል ርእስ ድርሰት እንድንጽፍ አዘዙ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍሁ። በድርሰቴ ውስጥ አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጥቁር ኮት አለበስሁት፤ ከኮቱ ኪስ ብዕር ሻጥሁለት፤ ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና፣ በወርም ሁለት መቶ ብር ደመወዝ ሰጠሁት። ማለዳ ሲነሣ ድምፅ የማያሰማ ሰው አደረግሁት። አሁን ሳስበው ቋንቋው መጥፎ አልነበረም፤ ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና በክፍሉ ካሉት ሁሉ ሳይሻል አይቀርም። መምህሩ ከዐሥር ዘጠኝ ሰጡኝ፤ በሰኔ ወርም በወላጆች ቀን በሕዝብ ፊት እንዳነበው መረጡኝ።

ለአባቴ አልነገርሁትም። የነገረው የጎረቤታችን ልጅ አባት ነው። ራሱ የሸመነውን አዲስ ጋቢ ለብሶ መጥቶ ከኋላ ረድፍ ቆሞ ነበር። ወደ መድረኩ ወጥቼ ከወረቀቱ ቀና ባልሁ ጊዜ ዐየሁት። መመለስ አልቻልሁም፤ አነበብሁ። ጥቁሩን ኮት አነበብሁ፤ ብዕሩን አነበብሁ፤ ሁለቱን መቶ ብር አነበብሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አባቴም አብሮ አጨበጨበ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ዳገቱን እኩል እስክንወጣ ድረስ አልተናገረም። በኋላ፣ «ያ ሰውዬ ሁለት መቶ ብር ነው የሚያገኘው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዎን» አልሁት።

«ደኅና ነው» አለና ዝም አለ። ቢመታኝ በወደድሁ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ሥራው ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ለአንዲት ሙሽራ የታዘዘ ቀሚስ ይሸምን ነበር፤ ጥበቡ ብዙ ቀለም የገባበት ስለ ነበረ ሥራው በእጅጉ ዘገምተኛ ነበር። ከደረሰበት ላይ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ መለስ ብሎ ጣቱን በአንድ ቦታ ላይ አኖረና፣ «እዚህ ምን ይታይሃል?» አለኝ። ብመለከት ምንም አላየሁም። «አንድ ክር ተዘልሏል» አለና ማጉን እየሳበ መተርተር ጀመረ። የተረተረው የግማሽ ቀን ድካሙን ነበር።

«አባባ፣ ገዢዋ እኮ አታየውም» አልሁት።

«አታየውም» አለ። «ሸማ ውሸቱን የሚናገረው ሲታጠብ ነው።»

ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም፤ ስለ ድርሰቴም እስከ መስከረም ድረስ አላነሣም።

በመስከረም 1965 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ሲደርስ ወደ ዶርዜ ይዞኝ ሄደ። የዶርዜ ሸማኔ በየትም አገር ቢሠራ ለመስቀል ወደ ወገኖቹ መመለስ ወጉ ነው፤ እኔ ግን አገሩን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ጊዜ ጋሞ ጎፋ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን መንገዱም አድካሚ ነበር። ደጋውን ወጥተን ከአያቴ ደጅ በደረስን ጊዜ ግን ድካሜን ረሳሁት። ቤቱ የተሸመነ ነበር! የቀርከሃ ስንጣቂ እንደ ድርና ማግ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ ከመሬት አንሥቶ እስከ ጉልላቱ ድረስ ተጠልፎ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የእንሰት ቅጠልና የቀርከሃ ቅርፊት ለብሶ፣ ከሩቅ ሲመለከቱት ግንባሩን ያቀና ዝሆን ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይወድቅም፤ ቦታውን መለወጥ ያስፈለገ እንደ ሆነም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ያዛውረዋል። እኔ በአዲስ አበባ ስደብቀው የኖርሁት ሥራ በዚያ አገር ሰው ተጠልሎበት የሚያድርበት ጣራ ነበር።

በዚያ ማታ በእሳቱ ዙሪያ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ አባቴ የወላጆችን ቀን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። እርሱ ግን ሲያወራው እንደ መልካም ተረት አድርጎ ነበር። «ልጄ ጸሐፊ አደረገኝ፤ ኮትም አለበሰኝ» እያለ የጽሕፈት መኪናውን በጣቶቹ ሲያሳይ፣ ሰዎቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ። አያቴም፣ «በወር ሁለት መቶ ብር የምታገኝ ከሆነ ዘንድሮ ቡና ሳታመጣልኝ ለምን መጣህ?» ብላ ልጇን ወቀሰችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ በዘመዶቹ ዘንድ «ጸሐፊው» ተብሎ ቀረ። ስሙ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አልለቀቀውም፤ እርሱም ሲጠሩት ደስ እያለው አቤት ይል ነበር።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አስተማሪ ሆኜ የታሪክ መጻሕፍት ስመለከት፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር ያወጁትን ዐዋጅ አገኘሁ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚሰደቡትን ሠራተኞች ሲዘረዝሩ፣ ብረት የሚሠራውንና ሸማ የሚሠራውን ካነሡ በኋላ፣ የሚጽፈውንም ሰው ሕዝቡ ጠንቋይ እያለ የሚያዋርደው መሆኑን ከእነዚያው ጋር ቈጥረውታል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። አባቴን ከስድብ ላድነው ብዬ ያሸሸሁበት ሥራ ራሱ ከሸማኔው ጎን የተሰደበ ነበርና! የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ሮማ ላይ የታተመውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። በአንድ ዓመት ላይ መገጣጠማቸው የአጋጣሚ ነገር ስለ ሆነ ብዙ ልሠራበት አልፈልግም። ዐዋጁ ከወጣ ከ64 ዓመት በኋላ እኔ በአባቴ ላይ መዋሸቴ ግን አጋጣሚ አልነበረም።

ጸሐፊና ሸማኔ በአንድነት ስለ ምን ተሰደቡ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ተቀምጠው በእጃቸው ስለሚሠሩ ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ቆዳውን ወጥሮ፣ ፍቆ፣ ብራና ያደርገዋል፤ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፤ መቃውን ይቀርጻል፤ በወስፌ ቀዳዳ አበጅቶ መስመሩን ያሰምራል፤ አንዲት ፊደል ሳይጽፍ ቀናት ያልፋሉ። ይህ ሰው የእጅ ሠራተኛ መሆኑን ለራሱም ለሌላውም ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። እኛ ኮት ለብሰን ከጠረጴዛ ፊት ከተቀመጥን ወዲህ ግን ድርሰት ከሰማይ የሚወርድ ነገር ነው የሚል ወሬ በመካከላችን ገባ።

ወደ እኔ ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ «ሐሳቡ አልመጣልኝም» ይሉኛል። ሸማኔ ሐሳቡ እስኪመጣለት አይጠብቅም። በፊት ድሩን ያደራል፤ በሜዳ ላይ ካስማ ተክሎ ክሩን ይዞ ሲመላለስ ይውላል። መንገደኛ ቢያየው ሥራ የፈታ ሰው ይመስለዋል፤ የሸማው ርዝመትና ስፋት የሚወሰነው ግን በዚያ መመላለስ ነው። ዛሬ ዛሬ ድሩ ከፋብሪካ የወጣ፣ ቅጥነቱ እኩል የሆነ ክር ነው። ማጉ ግን በእጅ የተፈተለ ሲሆን አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ጋቢው ገላን የሚያሞቀውም በዚህ አለመስተካከሉ ነው ይላሉ አሮጊቶቹ። እኔም የተማሪዎቼን ጽሑፍ ሳርም ቋንቋው ሁሉ የፋብሪካ ክር የሆነበት ሲያጋጥመኝ ይበርደኛል።

አንድ ጊዜ አንድ ጎበዝ ተማሪ፣ የሸማኔ መወርወሪያ እንደ ወፍ በአየር ላይ ይበራል ብሎ ጽፎ አመጣልኝ። «ዐይተኸው ታውቃለህን?» ብለው አላየም። አንድ ቅዳሜ ወደ ሽሮ ሜዳ ሄዶ እንዲውል ነገርሁት። ተመልሶ ሲመጣ ወፊቱን ሰርዟት ነበር። በምትኩ የጻፈው፣ መወርወሪያው በድሩ ላይ ሲንሸራተት በደረቅ ሣር ውስጥ እንደሚያልፍ እንሽላሊት ድምፅ ያሰማል የሚል ነው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሸማኔው የእግር ጣቶች አለማረፋቸውን ጽፎ ነበር፤ እኔ የሸማኔ ልጅ ሆኜ ጽፌው አላውቅም።

ስለ ሽሮ ሜዳ ካነሣሁ አይቀር፣ ዛሬ በዚያ ገበያ የሚያልፍ ሰው የሚያየውን ሳልናገር አላልፍም። የጥበብ ሐረግ በመኪና የታተመበት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ርካሽ ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ገዢውን አልወቅስም፤ ጥበቡ የበዛ ቀሚስ ሳምንታት የሚፈጅ ስለ ሆነ ዋጋው ለሁሉ አይደርስም። የታተመውን ጨርቅ ግን ገልብጠው ቢመለከቱት ጀርባው ነጭ ነው፤ ሐረጉ በአንድ ፊት ብቻ ነው ያለው። አባቴ ማናቸውንም ልብስ ሲሰጡት በፊት የሚያየው ጀርባውን ነበር።

ይህን ልማዱን በወረቀት ላይም አደረገው። በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያው አጭር ልብ ወለዴ በአንድ መጽሔት ላይ ታትሞ ሲወጣ ይዤለት ሄድሁ። እናቴ ካረፈች አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። አባቴ ማንበብ አያውቅም፤ መጽሔቱን ተቀብሎ ወረቀቱን በሁለት ጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገው፤ ከዚያም ገለበጠው። በጀርባውም ጽሕፈት መኖሩን ባየ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ አይታጠብም» አለ። «ታዲያ ውሸቱ በምን ይታወቃል?»

«ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ሲነበብ ይታወቃል» አልሁት።

«እንግዲያውስ አንብብ።»

ታሪኩ በማለዳ ተነሥቶ ስለሚሸምን አንድ ሸማኔ ነበር። በዚህኛው ኮት የለበሰ ሰው አልነበረበትም፤ ጉድጓዱንም፣ መርገጫውንም፣ የመወርወሪያውንም ድምፅ አንድ በአንድ ጽፌ ነበርና እንደሚደሰት ተስፋ አድርጌ ነበር። ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። እኩል ላይ ስደርስ እጁን አነሣ።

«ሰውዬው ማጉን ከየት አመጣው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ የምትፈትል ሴት አልነበረችም። ሸማኔው ብቻውን ነበር፤ ክሩም ከየትም ሳይመጣ በመወርወሪያው ውስጥ ተገኝቶ ነበር። አባቴ የእናቴን ክር ከሌሎች ሴቶች ክር በጣቱ ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ ዐይኑን ጨፍኖ ሲለይ ዐይቻለሁ። አሁን በቤቱ ውስጥ የቀረው የእርስዋ ሥራ በቅርጫት ውስጥ ያለ ሰባት ልቃቂት ብቻ ነበር፤ እርሱንም አልሸመነውም። መጽሔቱን አጠፍሁና ይዤ ተመለስሁ።

ታሪኩን ለመተርተር አራት ወር ፈጀብኝ። እንደ ሸማ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየሳብሁ ብፈታው በየገጹ ላይ የእርስዋ ባዶ ቦታ ነበር፤ ማለዳ በሚለውም፣ ማታ በሚለውም፣ ክሩ ተበጠሰ በሚለውም ላይ። እንደገና ስጽፈው እንዝርቷን፣ ተረቷን፣ ክር ስትቀጥል ወደ ኋላ መለስ የምትልበትን ልማድ አገባሁ። ስሟንም ሳልለውጥ እንዳለ ጻፍሁት። በሌላ ዓመት ከሌሎች ታሪኮች ጋር በትንሽ መጽሐፍ ታተመ።

ሁለተኛውን ባነበብሁለት ጊዜ እጁን አላነሣም። ስጨርስ ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፣ «ስሟ ያለበትን አሳየኝ» አለኝ። መጽሐፉን በጉልበቱ ላይ ዘርግቼ ጣቱን ይዤ ከቃሉ ላይ አኖርሁት። ጣቱ ለዐርባ ዓመት ክር የቆረጠው፣ የሻከረ ስለ ነበረ ወረቀቱን እየቧጨረ ይሄድ ነበር። የስሟን ፊደሎች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ከቀኝ ወደ ግራ፣ የጥለቱን ጠርዝ እንደሚፈትሽ ሁሉ ሁለት ጊዜ ዳበሳቸው። ከዚያም ገጹን ገልብጦ ጀርባውን ተመለከተ።